የ60 ደቂቃው ሰው

በስፖርት ዓለም ስማቸው ከገነነ ፎቶግራፎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሰው በሣር ሜዳ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ከበላዩ አንድ ግዙፍ ሰው ጡጫውን ጨብጦ ቆሟል። የጨዋታውን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ይህን ፎቶግራፍ ድንገት ቢያይና አንዱ ገዳይ፣ ሌላው ሟች ነው ቢል አይፈረድበትም።

ዕለቱ ኖቬምበር 20 ቀን 1960 (ኅዳር 11 ቀን 1953 ዓ.ም.)፣ ቦታው በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው ያንኪ ስታዲየም ነው። የወደቀው ፍራንክ ጊፎርድ ይባላል። የኒው ዮርክ ጃያንትስ ቡድን ሯጭና ኳስ ተቀባይ፣ መልከ መልካምና በከተማው ሁሉ የተወደደ ሰው ነበር። የቆመው ደግሞ የፊላዴልፊያ ኢግልስ ቡድን ላይንባከር ቸክ ቤድናሪክ ነው። የዚያች ቅጽበት ወሬ ሁለቱንም እስከ መቃብር ተከትሏቸዋል።

ለመሆኑ ይህ የቆመው ሰው ማን ነበር? እንዴትስ ከዚያ ደረሰ? ያን ያህል የተደነቀለት ጥንካሬስ ምን አስከፈለው? በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውና ደጀኑ

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ እግር ኳስ የምንለውን አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ስሙ የእግር ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘውም የሚወረወረውም በእጅ ነው። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከአንዱ የግብ መስመር እስከ ሌላው 100 ያርድ፣ ማለት 91 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ኳሱን የያዘው ወገን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት አራት ጊዜ እንዲሞክር ይፈቀድለታል። ቢሳካለት እንደገና አራት ሙከራ ያገኛል፤ ባይሳካለት ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ 6 ነጥብ ያስመዘግባል። እንግዲህ ጨዋታው መሬት በክንድ እየተለካ የሚወሰድበትና የሚመለስበት ጦርነት ይመስላል። ጦርነቱም እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍሎች የተከፈለ ስለ ሆነ ጠቅላላ ጊዜው 60 ደቂቃ ነው።

ተከላካዩ ወገን በመጀመሪያው ረድፍ የሚያሰልፈው ክብደት ያላቸውን ሰዎች ነው። ከነዚህ ጀርባ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው የሚቆሙት ላይንባከር ይባላሉ። በአማርኛችን ደጀን ብንላቸው ሥራቸውን ይገልጸዋል። የደጀን ሥራ ከባድ የሚሆነው ሁለት ዓይነት በመሆኑ ነው። ባላጋራው ኳሱን ታቅፎ በመካከል ሰንጥቆ ሊሮጥ ነው ወይስ ለሩቅ ሰው ሊወረውር? ይህን በቅጽበተ ዓይን ለይቶ ማወቅ አለበት። የሩጫ እንደሆነ ወደ ፊት ዘሎ ሯጩን በደረቱ ተቀብሎ ይጥላል። የውርወራ እንደሆነ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ተቀባዩን ይጠብቃል። ስለዚህ የከባዱን ሰው ጉልበት፣ የቀላሉን ሰው እግርና የአስተዋዩን ሰው ዓይን በአንድ ላይ የያዘ ካልሆነ ይህን ቦታ ሊሸፍን አይችልም።

በቀድሞ ዘመን አንዱ ተጫዋች ኳስ ሲያዝም፣ ኳስ ሲነጠቅም ከሜዳ አይወጣም ነበር። ከ1950 ወዲህ ግን ተጫዋቾችን እንደ ልብ መለዋወጥ በሕግ ስለ ተፈቀደ፣ የሚያጠቁት ለብቻ፣ የሚከላከሉት ለብቻ ሆኑ። አንዱ ክፍል ሲጫወት ሌላው ከዳር ተቀምጦ ያርፋል። ይህ ልማድ ከቀረ ከብዙ ጊዜ በኋላ በ35 ዓመት ዕድሜው ሁለቱንም ሥራ እንደገና የተሸከመው ሰው ቸክ ቤድናሪክ ነው። የ60 ደቂቃው ሰው የተባለውም ስለዚህ ነው።

ከብረት ከተማ

ቻርልስ ቤድናሪክ ሜይ 1 ቀን 1925 በፔንሲልቬኒያ ክፍለ ሀገር ቤተልሔም በምትባል ከተማ ተወለደ። የከተማይቱ ስም የጌታን የትውልድ ቦታ ያስታውስ እንጂ፣ በዚያን ጊዜ ኑሮዋ የተመሠረተው በብረት ማቅለጫ ምድጃ ላይ ነበር። ወላጆቹ ከስሎቫኪያ የፈለሱ ሰዎች ሲሆኑ፣ አባቱ በዚያው በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። እንደዚህ ባለ ሰፈር ያደገ ልጅ ስለ ወደ ፊት ኑሮው ብዙ ምርጫ አልነበረውም። የአባቱን ምሳ ዕቃ ይዞ የአባቱን በር ተከትሎ መግባት የተለመደ ነበር።

ነገር ግን ከምድጃው በፊት ጦርነት መጣ። ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ በአሜሪካ ጦር የአየር ክፍል ውስጥ ተመድቦ፣ ቢ 24 በሚባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የመትረየስ ተኳሽ ሆነ። ቦታው በአውሮፕላኑ ወገብ ላይ በተከፈተው መስኮት አጠገብ ነበር። ከእንግሊዝ አገር እየተነሣ በጀርመን ላይ 30 ጊዜ ዘመተ። በዚያ ከፍታ ላይ ብርዱ ብረት ያጣብቃል፤ ከታችም የመድፍ ጥይት ይፈነዳል። ከነዚህ በረራዎች ሳይመለሱ የቀሩት ወጣቶች እጅግ ብዙ ናቸው። እሱ 30ውንም ፈጽሞ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ በሣር ሜዳ ላይ ሰው መፍራት ለሱ እንግዳ ነገር ቢሆን አያስደንቅም።

ከጦርነቱ መልስ ፋብሪካውን ትቶ በፊላዴልፊያ ወደሚገኘው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ስሙ በፉትቦል እየገነነ ሄዶ፣ በ1948 ለኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የማክስዌል ሽልማት ተቀበለ። በአሜሪካ የሙያ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። በ1949 ምርጫ ከአገሩ ተጫዋቾች ሁሉ መጀመሪያ የተጠራው የቤድናሪክ ስም ነበር። የጠራውም የዚያችው ከተማ ቡድን ኢግልስ ነው። በገባበት ዓመት ቡድኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1962 ድረስ 14 የጨዋታ ወቅቶች ሌላ ቡድን ሳያውቅ ተጫወተ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሜዳ የቀረው በ3 ግጥሚያዎች ብቻ ነው።

ኮንክሪት ሻጩ

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ዘመን የዚህ ጨዋታ ታዋቂዎች በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንደሚከፈላቸው ሰምተህ ይሆናል። በቤድናሪክ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። የቡድኑ ደመወዝ ቤተሰብን ዓመቱን ሙሉ አደላድሎ አያኖርም ነበር። እሱም ኤማ ከምትባል ሚስቱ አምስት ሴቶች ልጆች ወልዷል። ስለዚህ ጠዋት ልምምዱን ጨርሶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሁለተኛው ሥራው ይሄድ ነበር። ሥራውም ለሕንፃ ሠሪዎች ኮንክሪት መሸጥ ነው።

አንድ የፊላዴልፊያ ጋዜጠኛ ይህን አይቶ፣ ሰውየው የሚሸጠውን ዕቃ ያህል ጠንካራ ነው ሲል ጻፈ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኮንክሪት ቻርሊ የሚለው ቅጽል ስም ተለጠፈበት። ስሙ የጀግና ስም ይመስላል። ከሥሩ ግን የሚገኘው ደመወዙ አልበቃው ያለ የቤተሰብ አባት ነው። እሁድ እሁድ ስልሳ ሺህ ሰው የሚያጨበጭብለት ሰው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የዋጋ ዝርዝር ይዞ የሰው ደጅ ያንኳኳል። ከወር እስከ ወር ደመወዙን እየቈጠረ የሚኖር የቢሮ ሠራተኛ ይህን ሲያነብ፣ ስለ ቤድናሪክ የሚረዳው ነገር በስታዲየሙ ከነበሩት ተመልካቾች ሳይበልጥ አይቀርም።

የ1960 ወቅት

በ1959 ወቅት መጨረሻ ቤድናሪክ ከጨዋታ ለመሰናበት አስቦ ነበር። ነገር ግን ሐሳቡን ለውጦ ለ1960 ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የተመደበው በማጥቃቱ ክፍል፣ ሴንተር በሚባለው ቦታ ነው። ሴንተር ማለት ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብል፣ ወዲያውም ፊት ለፊቱ ያለውን ባላጋራ የሚያግድ ሰው ነው። ወቅቱ ጥቂት እንደ ገፋ ግን ከቡድኑ ደጀኖች አንዱ ተጐዳ። አሠልጣኙ ባክ ሾው ወደ ቤድናሪክ ዞሮ በዚያም በኩል እንዲገባ ጠየቀው። እሱም ገባ። ሌሎች ሲያርፉ እሱ አያርፍም፤ ኳሱ ከወገን ወደ ወገን ሲዛወር ሌሎች ይለወጣሉ፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ይቆያል።

ኖቬምበር 20 ቀን ኢግልስ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ከጃያንትስ ጋር ገጠመ። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ኢግልስ 17 ለ10 ይመራ ነበር። ጃያንትስ እኩል ለመሆን ወደ ፊት እየገሠገሠ ሳለ፣ ጊፎርድ በሜዳው መካከል የተወረወረለትን ኳስ ቀለበና ለመሮጥ ዞረ። ቤድናሪክ በሙሉ ሩጫ መጥቶ ከደረቱ በላይ መታው። ጊፎርድ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ራሱም ከመሬቱ ጋር ተጋጨ። ኳሱ ከእጁ አመለጠ፤ ሌላው የኢግልስ ደጀን ቸክ ዌበርም ወደቀበት። ኢግልስ አሸነፈ።

ቤድናሪክ ጡጫውን ጨብጦ የዘለለው በዚህ ጊዜ ነው። ጨዋታው አለቀ እያለ፣ የስድብ ቃልም ጨምሮበት እንደ ጮኸ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ነገር ግን ደስታው ኳሱ በቡድኑ እጅ በመግባቱ እንጂ በሰውየው መውደቅ እንዳልነበረ፣ ጊፎርድም ራሱን መሳቱን በዚያች ቅጽበት እንዳላወቀ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አስረድቷል። የኒው ዮርክ ሕዝብ ግን ይህን አልተቀበለውም። ጊፎርድ በቃሬዛ ወጥቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። የዚያ ወቅት ቀሪ ግጥሚያዎች አመለጡት፤ የ1961ም ወቅት ሙሉ በሙሉ አለፈው። በ1962 ግን ቦታውን ለውጦ ተመለሰና እስከ 1964 ተጫወተ።

ከዚያ ምት በኋላ ከአምስት ሳምንት ብዙም ሳያልፍ፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1960፣ የሻምፒዮናው ግጥሚያ በፊላዴልፊያ ፍራንክሊን ሜዳ ተደረገ። ይህ ሜዳ ቤድናሪክ በተማሪነቱ የተጫወተበት የዩኒቨርሲቲው ሜዳ ነው። የመጣው ባላጋራ በዝነኛው አሠልጣኝ በቪንስ ሎምባርዲ የሚመራው የግሪን ቤይ ፓከርስ ቡድን ነበር። ከ67,000 በላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ቤድናሪክ ከ60ው ደቂቃ 58 ያህሉን በሜዳው ውስጥ ቆየ።

ኢግልስ 17 ለ13 እየመራ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ፣ ፓከርስ ጂም ቴይለር ለሚባለው ጉልበተኛ ሯጭ ኳስ ወረወረለት። ቴይለር አንዱን እያለፈ፣ ሌላውን እየገፈተረ ወደ ግብ መስመር ገሠገሠ። የቀረው ሰው ቤድናሪክ ብቻ ነበር። ከመስመሩ 10 ያርድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ በክንዶቹ አቅፎ ጣለው። ከጣለውም በኋላ አልለቀቀውም። ቴይለር ለመነሣት ሲታገል፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ እላዩ ላይ ተቀመጠበት። የፊሽካው ድምፅ ሲሰማ ኢግልስ ሻምፒዮን ነበር። ሎምባርዲ በሙያ ቡድን አሠልጣኝነቱ ዘመን በዚህ ዓይነት የፍጻሜ ውድድር የተሸነፈው በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ኢግልስም እንዲህ ያለውን ድል እንደገና ለማየት እስከ ፌብሩዋሪ 2018 መጠበቅ ነበረበት። ቤድናሪክ ያን አላየም።

የወጋውና የተወጋው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። በነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። የተመታው ጊፎርድ ምቱ በሕግ የተፈቀደ፣ ንጹሕ ምት እንደ ነበር ሲጠየቅ ሁሉ መስክሯል። ስለ ጉዳዩ አብዝቶ መናገር አይወድም ነበር፤ ደግሞም ሌላ ሥራ አግኝቶ ነበር። ከ1971 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የሰኞ ማታን ግጥሚያ በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ፣ ጊፎርድን ሲጫወት ያላዩት ሁሉ ድምፁን ለመዱት። የመታው ቤድናሪክ ግን ያን ቀን ሊተወው አልቻለም። ሰዎች ወደ ቤቱ መጥተው የሚጠይቁት ስለዚያው፣ በፎቶግራፉ ላይ እንዲፈርም የሚለምኑት ስለዚያው ነበር። በ14 ዓመት ውስጥ የሠራው ሥራ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት ተጠቅልሎ ቀረ።

ከጨዋታ ከወጣ በኋላ ክብር አልጎደለበትም። በ1967 በኦሃዮ ካንቶን ከተማ ባለው የሙያ ፉትቦል የክብር አዳራሽ ስሙ ተጻፈ። የለበሰው 60 ቁጥር በኢግልስ ቡድን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ተወሰነ። ከ1995 ጀምሮም ለአገሩ ምርጥ የኮሌጅ ተከላካይ በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል። እሱ ራሱ ግን መራራነት አልተለየውም። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ጥቂት ሮጠው የሚያለከልኩ፣ ያላገለገሉበትን ገንዘብ የሚወስዱ ናቸው እያለ በግልጽ ይነቅፍ ነበር። በዚህ ነቀፋው ብዙዎች ቅር ተሰኝተውበታል። ሁለት ሥራ እየሠራ ልጆቹን ያሳደገ ሰው እንዲህ ቢል ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሆኖም ወጣቶቹ የሚቀበሉት ግጭት ከሱ ዘመን ግጭት ያነሰ አልነበረም።

እንግዳ ሲመጣ እጆቹን ዘርግቶ ያሳይ ነበር። ጣቶቹ እንደ አሮጌ የዛፍ ሥር ተጣምመዋል፤ በተለይም ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ጎን ተገትራለች። የሚታየው ጉዳት ይህ ነበር። የማይታየው ግን ሌላ ነው።

የማይታየው ዕዳ

የሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይገኛል። ሲሮጥ የነበረ ሰው ድንገት ሲመታ ራሱ ይቆማል፤ አንጎሉ ግን በውስጥ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል፤ ስስ የሆኑት ጅማቶቹም ይሳባሉ። የራስ መከላከያ ቆብ ቅሉ እንዳይሰበር ይረዳል፤ ይህን የውስጥ መናወጥ ግን ሊያስቀረው አይችልም። አንድ ጊዜ የደረሰ መናወጥ ብዙውን ጊዜ ይድናል። በዓመታት ውስጥ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ታው የሚባል የፕሮቲን ዓይነት በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ሕዋሳቱን ያበላሻል። የማስታወስ ኃይል ይደክማል፤ ጠባይ ይለዋወጣል፤ ማመዛዘን ይጠፋል። ሐኪሞች ይህን በሽታ በአጭሩ ሲ.ቲ.ኢ. ይሉታል። በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው።

በቦክሰኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር መታየቱ ገና በ1928 ተጽፎ ነበር። በፉትቦል ተጫዋች አንጎል ውስጥ ይህን ያገኘው ግን ቤኔት ኦማሉ የተባለ የናይጄሪያ ተወላጅ ሐኪም ነው። በ2002 በፒትስበርግ ከተማ፣ በሴንተርነት ይጫወት የነበረውን የማይክ ዌብስተርን አስከሬን ሲመረምር አየና በ2005 በሕክምና መጽሔት አሳተመው። መጀመሪያ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የሙያ ሊግ ተጫዋቾች አንጎሎች ውስጥ በ110ሩ በሽታውን አገኙ። እነዚህ አንጎሎች በአብዛኛው ቤተሰቦቻቸው ሕመም ጠርጥረው የሰጧቸው ስለ ሆኑ፣ ከዚህ ተነሥቶ ተጫዋች ሁሉ ይታመማል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቁጥሩ ዝም ብለው የሚያልፉት አይደለም።

ቸክ ቤድናሪክ ማርች 21 ቀን 2015 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ከሴቶች ልጆቹ አንዷ አባቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማስታወስ ኃይሉን በሚነሣ በሽታ ሲሠቃይ እንደ ቆየ፣ ይህም በጨዋታ ከደረሰበት ጉዳት የመጣ መሆኑን እንደምታምን ለጋዜጦች ተናገረች። አምስት ወር ሳይሞላ ኦገስት 9 ቀን ፍራንክ ጊፎርድ በ84 ዓመቱ ተከተለው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ቤተሰቡ የጊፎርድ አንጎል ተመርምሮ ሲ.ቲ.ኢ. እንደ ተገኘበት ገለጠ። ሌሎችን እንዲጠቅም ብለው ምርመራውን መፍቀዳቸውንም አስታወቀ። ያን በሽታ የቤድናሪክ አንድ ምት ብቻ አመጣችው ማለት አይቻልም። ፎቶግራፍ ያላነሣቸው፣ ማንም ያላጨበጨበላቸው፣ በየልምምዱ የሚደርሱ ግጭቶች ከሷ እጅግ ይበዙ ነበር።

እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ የቆመውና የወደቀው የሚመስሉት ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ዕዳ ይገቡ ነበር። ልዩነቱ የአንደኛው ዕዳ በዚያን ቀን በሕዝብ ፊት መታየቱ ብቻ ነው። ዕዳውንም ከነሱ ጋር የከፈሉ ሌሎች አሉ፤ በስታዲየሙ ውስጥ ያልነበሩ፣ በኋላ ግን በየአልጋቸው አጠገብ የተቀመጡ ሚስቶችና ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የቤድናሪክን ጀግንነት ለማሳነስ አይደለም። ከብረት ሠራተኛ ቤት ተነሥቶ፣ ጦርነት አልፎ፣ በሁለት ሥራ አምስት ልጆች አሳድጎ፣ በ35 ዓመቱ የሁለት ሰው ሥራ የሠራን ሰው ማክበር ይገባል። ነገር ግን ወጣት አንባቢዎቻችን ጥንካሬን ሲያደንቁ ሒሳቡንም መጠየቅ እንዲለምዱ እንወዳለን። አሠልጣኙ ሁለቱንም ቦታ ትይዛለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ቤድናሪክ እሺ አለ። በዚያን ጊዜ የሚያስከፍለውን የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ዛሬ ግን ይታወቃል። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ጥያቄው ለተጫዋቹ ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ ቲኬት ገዝቶ ለሚያጨበጭበውም ነው።